የቍስቋም ወይዛዝርትና የዳሞት ማር

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ አልፎ ቡሬ የሚገባው መንገድ፣ በክረምቱ መውጫ በቆሎውና ዳጉሳው ግራ ቀኙን ሞልቶት፣ ከከተማዪቱ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ያቀናል፤ ሁለተኛው ወደ ዓባይ በረሓ ቍልቍል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ ነቀምት ይዘልቃል። መንታ መንገድ ያለበት አገር ገበያ አያጣም፤ ገበያ ያለበትም ጠጅ ቤት አያጣም።

ከገበያው ጀርባ ካሉት ጠጅ ቤቶች በአንደኛው፣ በዕድሜ የገፉት ኮማሪት የጋኑን ክዳን አንሥተው ጆሯቸውን ጠጋ ያደርጋሉ፤ ጥንስሱ ውስጥ ለውስጥ ሲንተከተክ የሚያሰማውን ድምፅ አዳምጠው፣ ጌሾው የሚወጣበት ቀን መድረስ አለመድረሱን ይለያሉ። ማሩ ከነሰፈፉ ይገባል፤ ሰፈፉ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ ይገፈፍና ለብቻው ይቀመጣል፤ ጧፍ ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ማሩ ከወዴት እንደ መጣ ለጠየቃቸው «ከሰከላ ነዋ! ከአገው ምድር!» ይላሉ፣ ከሌላ አገር ማር ይመጣል ብሎ ማሰቡ ራሱ አላዋቂነት መሆኑን በሚያስታውቅ ድምፅ።

በዐሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት ከዚህ ከዳሞት ደጋ የሚቈረጠው ማር፣ ከቅቤው፣ ከሰሙና ከሰንጋው ጋር በግብርነት እየተጫነ የሚሄደው ወደ ጎንደር ነበር። በዚያ የነገሥታቱ አዳራሽ፣ በዚያም የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥት ቍስቋም ነበረ፤ ከዚያ ማር በተጣለው ጠጅ ዙሪያም ስለ ውበታቸው እስከ ዛሬ የሚወራላቸው ወይዛዝርትና እነርሱን ሲያደንቁ ዕድሜያቸውን የፈጁ መኳንንት ተቀምጠውበታል። የጎንደርን ዘመን ተድላ ደስታ በወሬ ያልሰማ የለም። ይሁን እንጂ እነዚያ ሴቶች በምን ሕግ፣ በማን ሀብት፣ በምን ዓይነት ክብር ይኖሩ እንደ ነበር የሚጠየቅ ጥቂት ነው። ደግሞም የጎጃም መሳፍንት የዘር ሐረግ ከዚያው የጎንደር የፍቅር ታሪክ የተመዘዘ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለዳሞት ሰው የሩቅ ጎረቤት ወሬ አይደለም። (ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ለአንዲት ዕቁባት የተለቀሰ ልቅሶ

ፍትሐ ነገሥት ለክርስቲያን አንዲት ሚስት ብቻ ይፈቅዳል፤ የነገሥታቱ እልፍኝ ግን ከመጽሐፉ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም ነበር። ካህናቱ ይህን እያወቁ አንዳንድ ጊዜ ይገሥጻሉ፤ ብዙውን ጊዜ ዐይናቸውን ወደ ማኅሌቱ ይመልሳሉ። ዕቁባት የምትባለው ሴት ዘውድ አልደፋችም፣ ቍርባንም ከንጉሡ ጋር አልተቀበለችም፤ ነገር ግን ልጇ ሊነግሥ ይችላል፤ ወንድሞቿ ይሾማሉ፤ ስሟም በዜና መዋዕሉ በግልጥ ይጻፋል።

ምእት ዓመቱ ራሱ የተከፈተው በእንዲህ ያለ ነገር ነው። አድያም ሰገድ የተባሉት ታላቁ ኢያሱ፣ በ1706 ቅድስተ ክርስቶስ የምትባል የሚወዷት ዕቁባታቸው ብትሞትባቸው፣ መንግሥቱን ወደ ጎን ትተው በጣና ካሉት ደሴቶች ወደ አንዱ ለሱባኤና ለልቅሶ ገቡ። በጎንደር የቀሩት መኳንንት ይህን ጊዜ አላባከኑትም፤ ንጉሡ መንግሥት ለቀዋል ብለው ልጃቸውን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ፤ አባትዬውም በዚያው ዓመት ተገደሉ። የውጭ ጠላት ያልቻለውን ንጉሥ የአንዲት ሴት ሞት ከዙፋን አወረደው ቢባል ማጋነን ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን የመኳንንቱ ሤራ ሌላ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ በሩን የከፈተለት ያ ልቅሶ ነው።

በፍኖተ ሰላም ታሪክ የሚያስተምሩ አንድ ሰው ይህን ምዕራፍ ለተማሪዎች ሲያነሡ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥማቸዋል፤ «ንጉሥ ለዕቁባት ይህን ያህል ያዝናል ወይ?» የሚል። መምህሩ ልጆቹን የሚያስደንቃቸው የሐዘኑ መጠን አለመሆኑን ይናገራሉ፤ ሐዘኑ ለሚስት ሳይሆን ለዕቁባት መሆኑ ነው።

ንግሥቲቱና ምልምል ኢያሱ

የአፄ በካፋ ባለቤት እቴጌ ምንትዋብ፣ ከቋራ የወጡ፣ በጥምቀት ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በስመ መንግሥታቸው ብርሃን ሞገሳ፣ ባላቸው በ1730 ሲሞቱ ገና ወጣት ነበሩ። ሕፃን ልጃቸው ኢያሱ በዙፋን ሲቀመጥ እርሳቸውም ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር ገዙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር፣ በፓሪስ ከሚሆነው የሚለየው በወንድና በሴት ስፍራ መለዋወጥ ብቻ ነበር፤ እቴጌዪቱ የባላቸው የበካፋ የሥጋ ዘመድ የሆነውን፣ ከእርሳቸውም በዕድሜ የሚያንሰውን አንድ መልከ መልካም መስፍን ወደዱ። ሕዝቡም ስሙን ከንጉሡ ስም ለመለየት፣ በዚያውም ለማላገጥ፣ ምልምል ኢያሱ አለው።

በቬርሳይ በ1745 የንጉሡ ወዳጅ ሆና በይፋ የቀረበችው ማዳም ዴ ፖምፓዱር፣ ያለ ትልቅ ዘር ተወልዳ በንጉሡ ፍቅር ብቻ ሥልጣን ያገኘች ሴት ነበረች። በጎንደር ግን በፍቅር ምክንያት ከፍ ያለው ወንድየው ነው፤ የምታከብረውና የምትሾመው ሴቲቱ ናት፤ የሚታማውም፣ በኋላም የሚሞተው እርሱ ነው። ንጉሡ ኢያሱ አድገው የእናታቸው ነገር ሲከነክናቸው፣ በ1742 ግድም ምልምል ኢያሱ ከገደል ተወርውሮ ሞተ። እቴጌዪቱ ለልጃቸው ይህን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ እንደ ፈጀባቸው ይነገራል፤ የሚያስገርመው ግን ይቅር ማለታቸው ነው።

«በጎንደር በፍቅር ምክንያት ከፍ ያለው ወንድየው ነው፤ የሚታማውም፣ የሚሞተውም እርሱ ነው።»

ከዚህ ፍቅር ሦስት ሴቶች ልጆች ተወለዱ፤ አስቴር፣ አልታሽና ወለተ እስራኤል። እናታቸው በቍስቋም፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ባንድ ቅጥር በሠሩበት ኮረብታ፣ አሳደጓቸው። ወለተ እስራኤል ወደ ጎጃም ተድረው ከደጃዝማች ዮሴዴቅ ጋር ተጋቡ፤ ልጃቸውም ጎጃምን በኋላ የገዙት ታላቁ ራስ ኃይሉ ናቸው። ከዚያ ዘር፣ በሴት በኩል ተቈጥሮ፣ ራስ ጎሹና ደጃዝማች ብሩ፣ በ1881 የጎጃም ንጉሥ የተባሉት ተክለ ሃይማኖትም ይወርዳሉ። እንግዲህ የጎጃም ቤተ መንግሥት በኩራት የሚቈጥረው የዘር ሐረግ፣ ከአንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ ከቍስቋም እልፍኝና ከገደል ከተወረወረው መልከ መልካም ሰው ጋር ይገናኛል። የዘር ቈጣሪ ሽማግሌዎች ይህን አይሸሽጉም። ከአንደኛቸው የሰማነው ቃል፣ የሴት ልጅ ደም እንደ ወንዱ ይቈጠራል፣ ርስትም በሁለቱም በኩል ይወረሳል፣ የሚል ነበር። የነገሩ ቍልፍም፣ እንደ እኛ ሐሳብ፣ ያለው በዚች በሁለተኛዪቱ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

ሰባት ባሎች በአንድ አዳራሽ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ፣ በቍስቋም ፈንጣጣ ገብቶ ስለ ነበር፣ የወይዘሮ አስቴርን ልጅ በማስታመሙ የእቴጌዪቱን ቤት በር አገኘ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ክፍል መጽሐፉ የጻፈው አንድ ነገር አለ፤ በቍስቋም በእቴጌዪቱ ፊት በተሰበሰበው ጉባኤ አንዲት ትልቅ ወይዘሮ ተቀምጣ ነበር፤ በዙሪያዋም ባሎቿ የነበሩ ሰባት ሰዎች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከሰባቱ አንዱም ባሏ አልነበረም። የለንደን አንባቢዎች ይህንንና በዚያው መጽሐፍ ያለውን የጥሬ ሥጋ ግብዣ ሲያነቡ ግማሾቹ ሳቁ፣ ግማሾቹ ሰውየው ዋሽቷል አሉ።

የቡሬ ሰው ይህን ሲሰማ ግን ብዙም አይስቅም። «ሰማንያ ነዋ!» ይላል። በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች በሽማግሌና በዋስ ይጋባሉ፤ ሲጣሉም በሽማግሌና በዋስ ይፋታሉ፤ ሀብቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ሴቲቱም ቀድሞ ወደ አባቷ ርስት ትመለስ ነበር። የማይፈታው ጋብቻ የቍርባኑ ነው፤ በዚህም ምክንያት ካህናቱ ሲቀሩ ብዙው ሰው ቍርባንን ሥጋው እስኪበርድ፣ ጠጕሩ እስኪሸብት ያቈየዋል። ጅጋ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት፣ ከሦስት ባል ተፋትተው ከአራተኛው ጋር ቈርበው ያረጁ፣ ስለዚህ ነገር ሲናገሩ እፍረት አይታይባቸውም፤ «የመጀመሪያው ክፉ፣ ሁለተኛው ሰነፍ፣ ሦስተኛው ደግ ነበር፣ እናቱ ግን አላስቀመጠችኝም» ብለው ያልፉታል። መሬታቸውን ማን እንዳረሰላቸው ሲጠየቁ ግን ድምፃቸው ይለወጣል፤ የእያንዳንዱን ማሳ ድንበር ከነወሰን ድንጋዩ ይቈጥራሉ።

የወይዛዝርቱ ነገር ከዚህ የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ባቈዩዋቸው የመሬት መዝገቦች፣ ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ እንዳሳየው፣ ሴቶች በራሳቸው ስም መሬት ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲናዘዙ፣ ሲከራከሩም ይገኛሉ። በዚያው ዘመን በለንደን የኮቨንት ጋርደንን ሴቶች ስም ከነመልካቸው የሚዘረዝር ትንሽ መጽሐፍ ከ1757 እስከ 1795 እየታተመ ይሸጥ ነበር፤ በፓሪስም ከፖምፓዱር በኋላ የመጣችው ማዳም ዱ ባሪ በ1793 በጊሎቲን ተቀላች። እነዚያ ሴቶች ያላቸው ሀብት የወዳጃቸው ፈቃድ ነበር፤ ወዳጅ ሲለወጥ ወይም ሲሞት አብሮ ይጠፋል። የቍስቋም ወይዘሮ ግን ባል ስትለውጥ ርስቷን አትለውጥም። ማፍቀሯና መፈቀሯ ከእንጀራዋ የተለየ ነገር ስለ ሆነ፣ ምላሷም እንደ ልብ ነው።

«የቍስቋም ወይዘሮ ባል ስትለውጥ ርስቷን አትለውጥም።»

ይህን ስንል የወይዛዝርቱ ሕይወት ጨዋታ ብቻ ነበር ማለታችን አይደለም። ወይዘሮ አስቴር በጌምድርን ይገዛ የነበረው ባላቸው ማርያም ባርያው ከተገደለ በኋላ፣ የትግሬውን ሽማግሌ ራስ ሚካኤል ስሑልን ያገቡት፣ ብሩስ እንደሚለው፣ የባላቸውን ደም ለማስመለስ ነው። ጋብቻ ለእርሳቸው ጦር ነበረ። እናታቸው እቴጌ ምንትዋብም በ1770 የራስ ሚካኤልን መምጣት ፈርተው ከቍስቋም ሸሽተው ወደ ጎጃም ወርደዋል፤ የሸሹት የሴት ልጃቸው የወለተ እስራኤል ቤተ ዘመድ ወዳለበት አገር መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ አድናቂዎቹ

ወይዘሮን ማድነቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበረው። ፊት ለፊት ወጥቶ «ወደድሁሽ» ማለት የባለጌ ነገር ነው። አዝማሪው በማሲንቆው የሴቲቱን ስም ሳይጠራ ዙሪያዋን ይዞራል፤ ጌታው የከፈለውን ያህል ያመሰግናታል፤ ጌታው ከነፈገ ደግሞ ስንኙ ድንገት ይገለበጥና ሰውየው ራሱ መሳቂያ ይሆናል። ያልተማረ የሚሰማው ሰሙን ነው፤ ወይዘሮዋ ግን ወርቁን ሰምታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። በዋሸራ ቅኔ የተማሩ አንድ መምህር፣ ተማሪ ሳሉ ስለ ድንግል ማርያም የዘረፉት ቅኔ ከጎረቤት ልጃገረድ ጋር እንደሚያያዝ ጓደኞቻቸው ሁሉ ያውቁ እንደ ነበር፣ መምህራቸውም ያውቁ እንደ ነበር፣ ነገር ግን ሰዋስዉ ስላልተሳሳተ ምንም እንዳላሏቸው እየሣቁ ይናገራሉ።

ቅኔው ያልሠራለት ደግሞ ወደ ደብተራ ይሄዳል። መስተፋቅር የሚባለው ክታብ በብራና ተጽፎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ፣ ከአንገት ወይም ከክንድ የሚታሰረው፣ ቤተ ክርስቲያን ዘወትር ብታወግዘውም ከገበያው ጠፍቶ አያውቅም። ይሠራል ወይስ አይሠራም ለሚለው፣ ያነጋገርናቸው አንድ ደብተራ የሰጡን መልስ ከብዙ ሐኪም መልስ ይበልጣል፤ «ክታብ ያሰረ ሰው ፀጕሩን ያበጥራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ደፍሮም ይናገራል።»

ሴቲቱም በበኩሏ ባዶ እጇን አትጠብቅም። ለጋ ቅቤ በራሷ ላይ፣ ኩል በዐይኗ፣ እንሶስላ በእጅና በእግሯ፣ ድሪ በአንገቷ፣ አልቦ በቍርጭምጭሚቷ፤ ከሁሉም በላይ ከዓባይ ማዶ ከእናርያ ተነሥቶ በጎጃም በኩል ወደ ጎንደር የሚያልፈው ዝባድ። ነጋዴዎች ዝባዱን በቀንድ ውስጥ ደፍነው ይዘው ሲያልፉ የዳሞት ሰው በመዓዛው ብቻ ያውቃቸው ነበር ይባላል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ወደ ቡሬ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልቦለድ ሲጽፉ፣ የሰብለ ወንጌል ወዳጅ የሆነውን የበዛብህን የትውልድ መንደር ያደረጉት ማንኩሳን ነው። የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ ቤት ዘርን እንጂ ልብን የማይቈጥር ነበር፤ ሰብለ ወንጌል በአባቷ ቤት የነበራት ነፃነት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ከነበሩት ከወለተ እስራኤል እጅግ ያነሰ ይመስላል። ዘመን ሁልጊዜ ወደ ፊት ብቻ አይሄድም።

በግሽ ዓባይ ራስ የተጠጣ ዋንጫ

ብሩስ ራሱም ከአድናቂዎቹ አንዱ ነበር፤ ለወይዘሮ አስቴር ያለውን አክብሮት በየገጹ አልሸሸገም። ግሽ የተባለውን አገር የጊዜው ንጉሥ ሰጥተውት ነበርና፣ የዳሞቱ ገዢ ዋረኛ ፋሲል ፈቅደውለት፣ ኅዳር መጀመሪያ 1770 ዛሬ ሰከላ በምንለው ደጋ ከዓባይ ምንጭ ደረሰ። የአገሩ ሰዎች ጫማውን አስወለቁት። ከምንጩም አጠገብ ቆሞ፣ በኮኮናት ቅል የምንጩን ውሃ ቀድቶ፣ አብሮት የነበረውን ስትራቴስ የሚባል ግሪካዊ ለእንግሊዝ ንጉሥ ጤና ጠጣ አለው። ቀጥሎም ማርያ ለምትባል ሴት እንዲጠጣ ለመነው። ስትራቴስ ማርያ ሲባል ወዲያው ያሰበው እመቤታችንን ነው፤ በጎጃም ደጋ ሌላ ማርያ ማን ልትሆን! ብሩስም እንደዚያው ይሁን ብሎ አለፈው።

የነገሩ መራራ ክፍል ኋላ ነው። ብሩስ ወደ አውሮፓ ሲመለስ እጮኛዬ የሚላት ሴት በኢጣልያ ማርኬዝ አኮራምቦኒ የሚባል ባላባት አግብታ አገኛት፤ እርሱም ሮም ድረስ ሄዶ ባልየውን ተጣላው። ሰባት ባል የነበራት ወይዘሮ ያስደነቀችው ሰው፣ አንዲት ሴት አንድ ባል በማግባቷ ይህን ያህል መቈጣቱ፣ የቍስቋም ጉባኤ ቢሰማው ለአንድ ምሽት ጨዋታ የሚበቃ ነበር።

በግሽ ብሩስን ያስተናገዱት የምንጩ አገልጋይ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ቤቱን የምትጠብቅለት ከሴቶች ልጆቻቸው አንዷን ሰጡት፤ ስሟን «ኢረፖን» ብሎ ጽፎታል። ዕድሜዋ ዐሥራ ስድስት ግድም ነበር። ጎበዝና ብልህ እንደ ነበረች፣ ሲለያዩም እንዳለቀሰች ይናገራል። እርሷ ራሷ ምን ታስብ እንደ ነበር በመጽሐፉ የለም። ዛሬ ከምንጩ አጠገብ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም ጠበል ይጠመቃሉ፤ ከተሳላሚዎቹ ስለ ፈረንጁ የሰማ አለ፤ ስለ ልጅቱ የሰማ ግን አላገኘንም።

የጭን ገረድ

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ባለርስቶች ነው። ከአዳራሹ በስተጀርባ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ጌታው ሲዘምት እመቤቲቱን ቤት ትቶ የጭን ገረድ ይዞ ይወጣል፤ ቀን እህል ትፈጫለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ሌሊት አልጋውን ትጋራለች። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከዓባይ ማዶ በባርነት ተይዘው የመጡ ነበሩ፤ ዝባዱና ወርቁ በሚመጣበት መንገድ ሰውም ይመጣ ነበርና። የወይዘሮዋን እግር የሚያጥበው፣ እንሶስላዋን የሚወቅጠው፣ ጠጇን የሚያጠልለው የእነርሱ እጅ ነው። ወይዘሮዋ ነፃ የወጣችው በሌላ ሴት ድካም ነው ብንል፣ የጎንደርን ዘመን የምንወድ ሰዎች ደስ አይለንም፤ ግን እውነቱ እንደዚያው ነው። ባርነት በሕግ የተሻረው በእኛ አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው።

በወይዘሮዋና በጭን ገረዷ መካከል የደመወዝ ሴት ነበረች። ወታደር ወይም ነጋዴ በሄደበት አገር፣ ለአንድ ወቅት ወይም ለአንድ ዓመት፣ በምስክር ፊት ደመወዝ ቈርጦ ሴት ያስቀምጣል፤ ደመወዙ አሞሌ ጨው፣ እህል ወይም ልብስ ይሆናል። ዕቁባት አይደለችም፣ ውል አላትና፤ ሚስትም አይደለችም፣ ከሀብቱ እኩል አትካፈልምና። ቡሬን በመሰለ የነጋዴ መተላለፊያ ይህ ዓይነት ኑሮ የታወቀ ነበር፤ አንዳንዷ ከባል ወደ ባል ስትል ባጠራቀመችው ገንዘብ ቤት ሠርታ ጠጅ ጥላ ኮማሪት ሆናለች።

በእኛ አቈጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በልማድ የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሲያውቅ፣ ደመወዝን ከጋብቻ አልቈጠረውም። በአካባቢው ፍርድ ቤት ለብዙ ዘመን ጸሐፊ የነበሩና አሁን በጡረታ ላይ ያሉ አንድ ሽማግሌ እንደሚናገሩት፣ ከዚያ በኋላም ሴቶቹ አቤቱታ ማቅረባቸውን አላቆሙም፤ የክሱን ርእስ ብቻ ለወጡት። «ባሌ ነው» የምትል የጋብቻ ውል ስለሌላት ትሸነፋለች፤ «ቀጣሪዬ ነው፣ የዓመት ደሞዜን አልከፈለኝም» የምትል ግን ምስክር ታቀርባለች። ሰውየውም ይህን ጊዜ ቤተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ገረዴ አይደለችም፣ ሚስቴ ነበረች ብሎ ይከራከራል። ዳኛው አንዳንዴ በቃሉ ይይዙትና፣ ሚስትህ ከነበረች እንግዲያው እኩል አካፍላት ይሉታል።